በቀኝ ፍሬቻ ወደ ግራ ተነስቼ ፈተና ወደቅኩ

የኮዬዋ | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡40

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ዛሬ የተግባር ፈተና ወድቄ ነው የመጣሁት። ብሽቀቱ ገና አልወጣልኝም፣ ስለዚህ ጽሑፌ ቢንዛዛ ይቅርታ።

ፓርኪንጉን ምንም ሳልነካ ገባሁ። ዳገቱ ላይ መኪናዋ አንድ ስንዝር ወደ ኋላ አላለችም። የፍሪሲዮን አያያዜን እኔው ራሴ ወደድኩት። ከዚያ ፈታኙ «ጥግ ይዘሽ ቁሚ» አለኝ፣ ቀኝ ፍሬቻ አብርቼ ቆምኩ። ወረቀቱ ላይ የሆነ ነገር ጻፈ። «ተነሺ» አለኝ። ግራ ቀኝ አየሁ፣ ማንም የለም፣ አንደኛ ማርሽ አስገብቼ ተነሳሁ። ሰውየው ምንም አልተነፈሰም። መቶ ሜትር ያህል ከሄድን በኋላ ዳሽቦርዱን በእስክሪብቶው መታ መታ አደረገው። ዝቅ ብዬ አየሁ። ስቆም ያበራሁት ቀኝ ፍሬቻ እስካሁን ቀጭ ቋ፣ ቀጭ ቋ ይላል። እኔ ወደ ግራ ስወጣ መኪናዋ ወደ ቀኝ እያለች ነበር ማለት ነው። በቃ፣ አለቀ።

ያናደደኝ መውደቄ ብቻ አይደለም። ወደ ቤት ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ጋቢና ተቀምጬ የሹፌሩን እጅ ስቆጥር ነበር (የወደቀ ሰው ሌላ ምን ሥራ አለው)። ከቃሊቲ እስከ ቱሉ ዲምቱ 11 ጊዜ ረድፍ ቀየረ። ፍሬቻ የነካው አንዴ ነው፣ እሱንም ሳያውቀው በጉልበቱ ይመስለኛል። እሱ መንጃ ፈቃድ አለው፣ እኔ የለኝም።

ጥያቄዬ፦ ከቆሙበት ሲነሱ መንገዱ ባዶ ቢሆንም የግድ ነው? ከመታጠፊያው ምን ያህል ቀደም ብዬ ላብራ? አደባባይ ላይስ? አሠልጣኜ አንድ ነገር ይለኛል፣ ወንድሜ ሌላ። ወንድሜ ቀጥ ብዬ ስሄድም «ግራ አብሪ» ነው የሚለኝ።


ዝም_ብለህ_ንዳ | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡05

እህቴ አይዞሽ። ፍሬቻ ለፈተና ነው። መንጃ ፈቃዱን ስትይዢ ትረሺዋለሽ።

ቀልዴን አይደለም። ጠዋት ሃና ማርያም ጋ ረድፍ ለመቀየር ግራ ፍሬቻ አብሪና እይው። ከኋላሽ ተኝቶ ሲመጣ የነበረው ሁሉ ነዳጅ ይረግጣል። «ልትገባብኝ ነው» ብሎ ክፍተቱን ይዘጋብሻል። ሳታበሪ ሹልክ ስትዪ ግን እሱ እስኪነቃ አንቺ ገብተሻል። እኔ እንደዚህ ነድቼ 9 ዓመት ሞላኝ፣ አንድ ጭረት ብቻ ነው ያለኝ። እሱም አጥር ነው።


ጋሼ_መሪ | ማክሰኞ፣ ማታ 4፡10

ልጄ የኮዬዋ፣ መውደቅሽ ያሳዝናል፣ ግን ፈታኙ አልበደለሽም። እኔ ከ20 ዓመት በላይ ለማጅ አጠገብ ተቀምጫለሁ። ጉልበቴ ነው ከሥራ ያስወጣኝ፣ አሁን ሱሉልታ ቤቴ ቁጭ ብያለሁ። ያንቺን ስህተት ያላየሁበት ሳምንት ትዝ አይለኝም።

ፍሬቻው ራሱ ይጠፋል ብለሽ ጠብቀሽ ነው። የሚጠፋው እኮ በተአምር አይደለም። ከመሪው ስር፣ ከመሪው ጋር አብራ የምትዞር ትንሽ ጥርስ ቢጤ አለች። መሪውን በደንብ አዙረሽ ስትመልሺ እጀታውን ገፋ አድርጋ ወደ ቦታው የምትመልሰው እሷ ናት። ጥግ ስትይዢ ግን መሪው የሚዞረው ጥቂት ነው፣ ጥርሷ እጀታው ጋ አትደርስም። ስለዚህ በርቶ ይቀራል። ረድፍ ስትቀይሪም እንደዚያው ነው። በጣትሽ ማጥፋት ያንቺ ሥራ ነው።

ከቆሙበት ሲነሱ እኔ የማስተምረው እንዲህ ነበር። ማርሽ ታስገቢያለሽ። የውስጡን ስፖኪዮ ታያለሽ፣ ከዚያ የግራውን። ግራ ፍሬቻ። ከዚያ አንገትሽን በግራ ትከሻሽ በኩል ዞር ታደርጊያለሽ፣ ምክንያቱም ስፖኪዮ የማያሳየው ቦታ አለ፣ አንድ ሞተር ሳይክል ከነጂው ይደበቅበታል። የእጅ ፍሬን የሚለቀቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ብዙ ልጆች ፍሬኑን ለቀው፣ መኪናው እየተንቀሳቀሰ ነው ፍሬቻ የሚያበሩት። ያ ማስታወቅ አይባልም፣ የሆነውን መተረክ ነው።

መንገዱ ባዶ ነበር ላልሽው ደግሞ፣ ባዶ ነው ያልሽው ያየሽውን ቆጥረሽ ነው። ፍሬቻው ላላየሽው ሰው ነው።

ምን ያህል ቀደም ብሎ? ሜትር በቃል ከመያዝ ይልቅ በሰከንድ አስቢው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ስትነጂ በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ትሄጃለሽ። ሦስት ሰከንድ ቀደም ብለሽ ካበራሽ 40 ሜትር አካባቢ ሆነ ማለት ነው። በ80 ስትሄጂ ያው ሦስት ሰከንድ ከ65 ሜትር ያልፋል። ለዚህ ነው ከከተማ ስትወጪ ቀደም የሚባለው። ደህና ፍሬቻ በደቂቃ ከ60 እስከ 120 ጊዜ ነው የሚያበራው፣ ስለዚህ ሦስት አራት ጊዜ ቀጭ ቋ እስኪል ታገሺና ከዚያ ፍሬን፣ ከዚያ መሪ። ፍሬን ከፍሬቻ በፊት የሚይዝ ሰው ከኋላው ያለውን ነው የሚያናድደው። የኋላው ሰው ለምን እንደቀዘቀዝሽ አያውቅማ።

በጣም መቅደምም ስህተት ነው። አንድ ተማሪ ነበረኝ፣ ጠንቃቃ ልጅ፣ ከመጠን በላይ ጠንቃቃ። ሰበታ መንገድ ላይ ቀኝ ልንታጠፍ ነው፣ ገና ነዳጅ ማደያው ሳንደርስ ቀኝ አበራ። መታጠፊያችን ከማደያው በኋላ ነው። ከማደያው ሊወጣ የቆመ ፒክአፕ ፍሬቻችንን አይቶ «እነዚህ ወደዚህ እየገቡ ነው» ብሎ ፊታችን ወጣ። በእኔ በኩል ባለው ፍሬን ነው የተረፍነው። የፒክአፑ ሰውዬ ወርዶ ሊሳደብ መጣ፣ እውነት ለመናገር ግማሽ እውነት ነበረው። ስለዚህ ከመታጠፊያሽ በፊት ሌላ መግቢያ ካለ እሱን ካለፍሽ በኋላ አብሪ።

አደባባዩን ነገ እጽፍልሻለሁ፣ ዓይኔ ደከመ።


ወራጅ_አለ | ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡15

የኮዬዋ፣ ያ ሹፌር እኔ እንዳልሆን ፈራሁ። በዚያ መስመር ነው የምሠራው።

እስቲ የእኛንም ነገር ስሙን። መኪናው ውስጥ 12 ሰው አለ፣ ከኋላ ሆኖ «ወራጅ!» የሚለው መውረጃው ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። ሦስት ሰከንድ ቀድመህ አብራ ይሉኛል፣ እኔ ራሴ የምሰማው ሁለት ሰከንድ ሲቀረው ነው። ያኔ እጄ ማርሽ ላይ ነው፣ ዓይኔ ቀኝ ስፖኪዮ ላይ። ረዳቱ በመስኮት እጁን አውጥቶ ከኋላ ያለውን ያስቆምልኛል። ብዙ ሹፌር የረዳቱን እጅ ነው የሚያምነው፣ ከፍሬቻው ይልቅ።

ግን አንድ ቀን ረዳቴ ሳንቲም እየመለሰ ነበር። እጁ አልወጣም። እኔ ወደ ቀኝ ሰበርኩ። በቀኜ ባጃጅ ነበር። ማንም አልተጎዳም፣ የባጃጁ የፊት ጎማ ግን ሲታጠፍ ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከዚያ ወዲህ አንድ ዘዴ ይዣለሁ፦ ሰው በብዛት የሚወርድበት ቦታ ከመድረሴ በፊት እኔው «ወራጅ አለ?» ብዬ እጠይቃለሁ። አለ ካሉ አበራለሁ። ይኸው ነው። 11 ጊዜ ያልሽውን ግን አልክድም፣ ረድፍ ስቀይር እረሳለሁ።


ባጃጅ_አባዶ | ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡50

ወንድሜ ወራጅ፣ የኛን ጎማ ስታጣጥፉ የምትኖሩት እናንተ ናችሁ እንዴ 😂

እኔ የካ አባዶ ነው የምሠራው። የባጃጅ ፍሬቻ ጋሼ የተናገሩት ጥርስ የለውም። በአውራ ጣት ታበራለህ፣ በአውራ ጣት ታጠፋለህ። መሪውን መቶ ጊዜ ብታዞር ራሱ አይጠፋም። ድምፁም ከሞተሩ ጋር አይሰማም፣ በተለይ ዳገት ላይ። እና ምን ይሆናል፣ ጠዋት አንዴ ወደ ግራ ታጥፈህ እስከ ምሳ ሰዓት ግራ እያበራህ ትዞራለህ።

አንድ ጊዜ ከጣፎ ወደ አያት እየመጣሁ ነበር፣ ግራዬ በርቶ ቀርቷል፣ አላወቅኩም። ከኋላዬ አይሱዙ አለ (አልቃይዳ የሚሉት ያለ ነገር አይደለም፣ ይሄኛው ግን ጨዋ ነበር)። ወደ ግራ ሊታጠፍ ነው ብሎ በቀኜ ሊያልፈኝ መጣ። በዚያው ቅጽበት ቀኝ ዳር ቆማ እጇን የምትወዛውዝ ሴት አየሁና ለመጫን ወደ ቀኝ ጎተትኩ። በእኔና በእሱ መካከል የጣት ያህል ነው የቀረው። ሹፌሩ ቆሞ ምንም አልሰደበኝም። በጣቱ ብቻ ወደ ፍሬቻዬ አመለከተ። ከስድብ በላይ አመመኝ።

አሁን የፍሬቻ መጫኛው ላይ ፕላስተር ለጥፌበታለሁ፣ አውራ ጣቴ ሲነካው ሻካራ ነው፣ ትዝ ይለኛል። ለሞተር ሳይክል ነጂዎችም ይሠራል።


ጋሼ_መሪ | ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡20

ባጃጅ፣ ፕላስተሯን ወደድኳት።

እንዳልኩት አደባባይ። ውስጡ ላለው፣ ማለትም ከግራሽ ለሚመጣው ቅድሚያ ትሰጫለሽ፣ ይህን የጽሑፍ ፈተናውም ይጠይቅሻል። ፍሬቻው ይህን አይቀይረውም። ፍሬቻ ስላበራሽ መንገዱ ያንቺ አልሆነም።

በመጀመሪያው መውጫ ወደ ቀኝ የምትወጪ ከሆነ ገና ሳትገቢ ቀኝ ታበሪያለሽ፣ እስክትወጪ አይጠፋም። ቀጥታ ከሆነ ስትገቢ ምንም አታበሪም። ያንቺን መውጫ የሚቀድመውን መውጫ ስታልፊ ቀኝ ታበሪና ትወጫለሽ። ወደ ግራ ከሆነ ወይም ዞረሽ የምትመለሺ ከሆነ ግራ አብርተሽ ትገቢያለሽ፣ የውስጡን ረድፍ ትይዣለሽ፣ ከዚያ እዚህም ከመውጫሽ የሚቀድመውን ስታልፊ ግራውን አጥፍተሽ ቀኝ። ሰው የሚረሳው ይህችን የመጨረሻዋን ቀኝ ነው። ግራ እያበራ ገብቶ ግራ እያበራ ይወጣል።

የወንድምሽ «ቀጥ ስትሄጂ ግራ አብሪ» ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። አደባባይ ውስጥ ስትገቢ መሪሽን ወደ ግራ ትይዣለሽ፣ ስለዚህ ለሹፌሩ ግራ የታጠፈ ይመስለዋል። ግን ፍሬቻ መሪው ወዴት እንደዞረ አይደለም የሚናገረው፣ የት እንደምትወጪ ነው። ግራ አብርተሽ ቀጥታ ስትወጪ ከፊት ለፊት ለመግባት የቆመው ሰው «ገና እየዞረች ነው» ብሎ በከንቱ ይጠብቅሻል። ሦስት እንደዚያ ያለ ሰው ካለፈ በኋላ አራተኛው ሲመጣ ፍሬቻውን ማየት ይተዋል። አራተኛው ደግሞ የምሩን ግራ የሚዞር ሊሆን ይችላል።


ዝም_ብለህ_ንዳ | ረቡዕ፣ ከሰዓት 8፡00

ጋሼ በአክብሮት፣ ይሄ ሁሉ ትክክል ነው፣ መጽሐፍ ላይ። የእኔን ጥያቄ ግን ማንም አልመለሰም። ሳበራ ይዘጉብኛል። ምን ላድርግ?


የጀሞ_እግረኛ | ረቡዕ፣ ከሰዓት 8፡30

እኔ መኪና የለኝም። ሁላችሁም የምታወሩት ከኋላችሁና ከፊታችሁ ስላለው መኪና ነው። ዳር ላይ ልጅ ይዞ የቆመው ሰውስ?

ጀሞ እኛ ሰፈር መታጠፊያ አለ፣ ትምህርት ቤት ያለበት። ልጄን ይዤ ለመሻገር እቆማለሁ። የሚመጣው መኪና ፍሬቻ የለውም፣ ስለዚህ ቀጥታ ነው ብዬ እግሬን አነሳለሁ። እሱ ግን ይታጠፋል፣ እኔ ላይ። ከዚያ ክላክስ! ተቆጪው እሱ ነው።

ደግሞ ነዳጅ መኪና ማስገባት ከታገደበት ከ2016 ወዲህ ኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። ድምፅ የለውም። ድሮ በጆሮዬ ነበር የምሻገረው፣ ማርሽ ሲቀይር «ቀዘቀዘ፣ ሊታጠፍ ነው» እል ነበር። አሁን ከፍሬቻው በስተቀር የሚነግረኝ ነገር የለም። ዝም ብለህ ንዳ የምትባለው ወንድሜ፣ እኔ ክፍተት አልዘጋብህም። ለእኔ ስትል አብራ።


ዝም_ብለህ_ንዳ | ረቡዕ፣ ከሰዓት 8፡41

ይህን አላሰብኩትም፣ እውነት ነው። ሲታጠፉ እሺ። እኔ ያልኩት ረድፍ መቀየሩን ነው።


ሲኖ_በሰንዳፋ | ረቡዕ፣ ማታ 1፡20

እኔ ከባድ ነው የምነዳው፣ አሸዋና ጠጠር። ረድፍ ላልከው እኔ ልመልስልህ። እኔ ሳላበራ ሹልክ ልበል ብል ሹልክ የሚል አካል የለኝም። ስለዚህ አበራለሁ፣ የመጀመሪያው ይዘጋብኛል፣ ሁለተኛውም፣ ሦስተኛው ይለቅልኛል። ሁሌም አንድ ሰው ይለቃል። የሚዘጋብህን ሳይሆን የሚለቅልህን ፈልግ፣ እሱ ደግሞ ካላበራህ እንደምትፈልገው አያውቅም። ቸኩለህ ስለሆነ ነው ሁለተኛው ሰው ሳይመጣ ሹልክ የምትለው።

አሁን ወደ እኛ ነገር። ከከተማ ስንወጣ የሹፌር ቋንቋ አለ፣ ታውቁታላችሁ። ከኋላዬ ላለው ቀኝ ሳበራለት «ፊት ለፊት ንጹሕ ነው፣ እለፈኝ» ነው። ግራ ሳበራ «መኪና እየመጣ ነው፣ ታገስ»። ስንቱን በዚህ አሳልፈናል። ጥሩ ነገር ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ክረምት ሰንዳፋን አልፌ ጎማዬ ልክ አልመስል አለኝ። ዳር ልይዝ ቀኝ አበራሁ። ከኋላዬ ያለው ቤት መኪና «አሳለፈኝ» ብሎ እየፈጠነ ወጣ። ከፊት አውቶቡስ ይመጣል። እኔ ዳር ልይዝ እንጂ ላሳልፍ አላበራሁም! እንደ ዕድል ሆኖ አስፋልቱን ለቅቄ ሙሉ በሙሉ አፈር ላይ ወጣሁለትና ሦስታችንም ጎን ለጎን ተላለፍን። ቆሜ መሪው ላይ ግንባሬን አስደግፌ ቆየሁ። ጎማው ደህና ነበር፣ ድንጋይ ነው የነከሰው።

አንድ መብራት፣ ሁለት ትርጉም። እኔ ያልኩት ሌላ፣ እሱ ያነበበው ሌላ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንንም በፍሬቻ አላሳልፍም። ራሱ አይቶ ይለፍ። ጓደኞቼ ኮርተሃል ይሉኛል።


ባለቪትዟ | ረቡዕ፣ ማታ 1፡55

የእኔ ችግር ሳቅ ነው። ቪትዜ መጀመሪያ መሪዋ በቀኝ የነበረ ነው፣ ወደ ግራ ተቀይሮ ነው የመጣው። የፍሬቻው እጀታ ግን በቀኝ በኩል ነው የቀረው። በግራ ያለው የዝናብ መጥረጊያው ነው። ለምጄዋለሁ። የባሌን መኪና ስነዳ ግን ፍሬቻ አበራለሁ ብዬ በጠራራ ፀሐይ መስታወቱን እጠርጋለሁ። ትራፊኩ አንዴ አይቶኝ «እመቤት፣ ዝናብ ይመጣል ተብሏል እንዴ?» አለኝ።

የኮዬዋ፣ ከፈተናው በፊት የምትፈተኚበት መኪና እጀታ በየት በኩል እንደሆነ በጣትሽ ነክተሽ ለይ። የተለማመድሽበት ካልሆነ እጅ ራሱ ይሳሳታል።


ኤሌትሪክ_ገላን | ረቡዕ፣ ማታ 3፡30

ሁላችሁም ሹፌሩን ነው የምትወቅሱት። ግማሹ ጥፋት የመኪናው ነው። ገላን ጋራዥ ውስጥ የመኪና ኤሌትሪክ ነው የምሠራው።

«ፍሬቻዬ በአንድ በኩል ይፈጥናል» የሚል ሰው በየቀኑ ይመጣል። ቀጭቀጭቀጭ። ያ ብልሽት ሳይሆን መልእክት ነው። ከአምፖሎቹ አንዱ ተቃጥሏል። ማብለጭለጫው የሁለቱን አምፖል ኤሌክትሪክ ጠብቆ የተሠራ ነው፣ አንዱ ሲጠፋ ሸክሙ ይቀንስና ይፈጥናል። ስለዚህ በሚፈጥንበት በኩል ወርደህ የፊቱንና የኋላውን እይ። ተራው የፍሬቻ አምፖል 21 ዋት ነው። ሰው ዘመናዊ ይሁን ብሎ ኤልኢዲ አስገብቶ ይመጣና «ከቀየርኩት ጀምሮ ፈጠነ» ይለኛል። ኤልኢዲው የሚወስደው ኤሌክትሪክ ጥቂት ነው፣ ማብለጭለጫው «አምፖል የለም» ብሎ ያስባል። ወይ ማብለጭለጫውን መቀየር ነው፣ ወይ የድሮውን አምፖል መመለስ።

ሌላው የዝገት ነገር። ፍሬቻ ስታበራ የኋላ መብራቱ ሁሉ አብሮ ደብዘዝ ብልጭ የሚል ከሆነ፣ ከመኪናው አካል ጋር የሚያያዘው ሽቦ ዝጓል። ክረምት ላይ ይብሳል፣ የእኛ አካባቢ ጭቃ ደግሞ የታወቀ ነው። በአሸዋ ወረቀት ፈተግ አድርጎ ማጥበቅ ነው።

የተሰበረ የኋላ ፍሬቻ ላይ ቀይ ፕላስተር የምትለጥፉ ሰዎች ግን ምን ነካችሁ? ፍሬቻ ብርቱካንማ የሆነው ከፍሬን መብራት እንዲለይ ነው። ቀይ ከለጠፍክበት ከኋላ ያለው ሰው ፍሬን ነካ ለቀቅ እያደረግክ ነው የሚመስለው።

ብቻህን ከሆንክ ማታ ግድግዳ አጠገብ ጀርባህን ሰጥተህ ቁምና አብራ። ነጸብራቁ ግድግዳው ላይ ይታይሃል።


የአለም_ገና_ልጅ | ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡10

አራቱንም ፍሬቻ አብርቶ መንገድ መሃል መቆም የተፈቀደ የሚመስለው ሰው ብዛቱ! አራቱን አብርቶ ዳቦ ይገዛል። አራቱን አብርቶ ስልክ ያወራል።

የሰርግ አጃቢስ? ቅዳሜና እሑድ አለም ገና መታጠፊያው ጋ ቁሙ። 15 መኪና አራቱን አብርቶ በክላክስ። የትኛው ታጥፎ የትኛው ቀጥታ እንደሚሄድ ሙሽራውም አያውቅ።


ጋሼ_መሪ | ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡00

እሱን ካነሳህ አይቀር፣ በጉም ጊዜ ከእንጦጦ ወደ ሱሉልታ ሲወርዱ አራቱንም አብርተው የሚነዱ አሉ። አራቱ ከበሩ ወዴት እንደምትታጠፍ መናገሪያ አጣህ ማለት ነው። የፊት መብራትህን ዝቅ አድርገህ አብራ፣ ቀስ በል። አራቱ ስትበላሽ ወይም ለአደጋ ስትቆም ነው።

ፍሬቻው ጭራሽ ካልሠራ እጅ አለ። መሪው በግራ ስለሆነ ግራ እጅ ነው የሚወጣው። ወደ ጎን ቀጥ ሲል ግራ፣ ከክርን ታጥፎ ወደ ላይ ሲቆም ቀኝ፣ ወደ ታች ሲሆን እየቀዘቀዝኩ ነው።

ስለ እጅ ሳነሳ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ፍሬቻ የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ ነው፣ ፍላጻ፣ ቀስት ማለት ነው። ድሮ መብራቱ ብልጭ አይልም ነበር። ከመኪናው ጎን እንደ ትንሽ ክንድ ብቅ የሚል ነገር ነበር፣ የጥንቶቹ ቮልሶች ላይ ከበሩ ኋላ ያለው ቋሚ ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል፣ ሲነኩት ቀስት ሆኖ ይወጣል። ልጅ ሆኜ አባቴ ጓደኛ ጋ አይቼው ነበር። ስሙ ከዚያ ዘመን ቀርቶልናል። ይሄ ፈተና ላይ አይመጣም፣ የሽማግሌ ወሬ ነው።


የኮዬዋ | ከአሥር ቀን በኋላ፣ ዓርብ፣ ከሰዓት 9፡30

አለፍኩኝ!!!

ትናንት ጠዋት መኪናው ውስጥ ስገባ መጀመሪያ የነካሁት እጀታውን ነው፣ በግራ ነበር፣ ባለቪትዟ እግዜር ይስጥሽ። «ጥግ ያዢ» አለኝ። ቀኝ፣ ቆምኩ፣ በጣቴ አጠፋሁ። «ተነሺ» ሲለኝ ሁሉንም በጋሼ ተራ አደረግኩት፣ ማርሽ፣ ስፖኪዮ፣ ግራ፣ አንገት። አንገቴን ሳዞር በእውነት ሞተር ሳይክል እየመጣ ነበር። ስፖኪዮው ላይ አልነበረም። አሳለፍኩት፣ ተነሳሁ፣ አጠፋሁ። ፈታኙ ያው ሰውዬ ነው። እስክሪብቶውን አላነሳም።

ያሳቀኝ ሌላው ነው። ማታ ወንድሜ መኪናውን ሰጠኝ፣ እሱ አጠገቤ ተቀምጧል። ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ደረስን፣ ቀጥታ ነኝ። ምንም ሳላበራ ገባሁ። «አብሪ እንጂ!» አለ። ዝም አልኩት። የሚቀድመኝን መውጫ ሳልፍ ቀኝ አበራሁ። ለመግባት ቆሞ የነበረ ባጃጅ ፍሬቻዬን አይቶ፣ እኔ ሙሉ በሙሉ ሳልወጣ ቀስ ብሎ ጀመረ፣ እጁንም አነሳልኝ። ለወንድሜ አሳየሁት። «አጋጣሚ ነው» አለኝ።


ጋሼ_መሪ | ዓርብ፣ ማታ 1፡05

እንኳን ደስ አለሽ ልጄ! ወንድምሽን እዚህ አምጪልኝ።


ዝም_ብለህ_ንዳ | ዓርብ፣ ማታ 1፡40

እንኳን ደስ ያለሽ። እኔም የሲኖውን ምክር ሞከርኩ፣ ሃና ማርያም፣ ጠዋት። ሰባተኛው ነው የለቀቀልኝ። ሦስተኛው ብለህ ነበር ወንድም።


ሲኖ_በሰንዳፋ | ዓርብ፣ ማታ 2፡15

እኔ ሲኖ ነው የምነዳው ብዬህ ነበር 😂